ቆሞ መተኮስ

የገምጋሚዎችን ነጥብ አጠቃሎ በሚያሳየው በሜታክሪቲክ ድረ ገጽ ሰንጠረዥ፣ የ2005ቱ አስፈሪ የቪዲዮ ጌም ረዚደንት ኢቭል 4 በጌምኪዩብ ማጫወቻ 96 ነጥብ ይዟል። በ2023 እንደገና ተሠርቶ የወጣው (ሪሜኩ) ደግሞ በፕሌይስቴሽን 5 ላይ 93 አለው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሪሜኩ ከወጣ ጀምሮ ሰዎች እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን እያቆሙ በመሃላቸው ስላለችው ሦስት ነጥብ ሲከራከሩ አይቻለሁ። ገሚሱ አሮጌው ዛሬም ተወዳዳሪ እንዳላገኘ ማስረጃ ያደርጋታል፤ ገሚሱ ደግሞ ያኔ ነጥብ የሰጡት ሰዎች ዛሬ ቢጠየቁ ዝቅ ያደርጉት ነበር ይላል። እኔ ሁለቱም ወገኖች የማይወዳደር ነገር እያወዳደሩ ነው ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ነጥብ የተሰጠው ከዚያ በፊት ላልነበረና ሊወድቅ ይችል ለነበረ ሥራ ነው። ሁለተኛው የተሰጠው ሁሉም ሰው ቀድሞ በልቡ ለያዘው ነገር ለተደረገ እንክብካቤ ነው።

ጌሙን እወደዋለሁ፤ አሮጌውንም አዲሱንም። ስለ ሪሜኩ የተጻፉ ሪቪዎችን ብዙ አንብቤአለሁ፣ ሲያሞግሱትም አብሬ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ከነከነኝ። ከጽሑፎቹ አብዛኞቹ፣ አሮጌው ጌም ሲተኩሱ እግርን ማሰሩን እንደ እርጅና ምልክት፣ ሪሜኩ እየተራመዱ ማስተኮሱን ደግሞ እንደ ፈውስ አድርገው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ከዚያ ወደ ግራፊክሱና ወደ ታሪኩ ይሻገራሉ። እኔ ግን የሁለቱ ጌሞች ጉዳይ ያለው እዚያችው በታለፈችው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሮጌው በቀላሉ አልተወለደም። በሠሪው ኩባንያ በካፕኮም ውስጥ አራተኛውን ክፍል ለመሥራት የተጀመሩት ሙከራዎች ከአንድ በላይ ነበሩ። አንደኛው በሂዴኪ ካሚያ እጅ እያደገ ሲሄድ ከተከታታዩ መንፈስ በጣም ስለራቀ በ2001 ዴቪል ሜይ ክራይ ተብሎ ራሱን ችሎ ወጣ። ሌላው፣ መንጠቆ የያዘ ጥላ መሰል ሰው የጌሙን ጀግና ሊዮን ኬኔዲን በአንድ ጨለማ ቤት ውስጥ የሚያሳድድበት፣ በ2003ቱ ኢ3 ትርኢት ላይ ለሕዝብ ከታየ በኋላ ተጣለ። በመጨረሻ የተከታታዩ አባት ሺንጂ ሚካሚ ራሱ የዳይሬክተርነቱን ወንበር ያዘና ረዚደንት ኢቭልን ረዚደንት ኢቭል ያሰኙትን ነገሮች መንቀል ጀመረ። በየክፍሉ ጥግ ተተክሎ ተጫዋቹን ከላይ ሲያይ የኖረው ካሜራ ወርዶ ከሊዮን ቀኝ ትከሻ ጀርባ ተቀመጠ። እየተንገዳገዱ የሚመጡት ዞምቢዎች ቀሩ፤ በቦታቸው የሚነጋገሩ፣ መሰላል የሚያቆሙ፣ መጥረቢያ የሚወረውሩ የስፔን ገጠር ሰዎች መጡ። ጃንዋሪ 11 ቀን 2005 ጌሙ በሰሜን አሜሪካ ሲወጣ የተከታታዩ ወዳጆች እንዴት እንደሚቀበሉት እርግጠኛ የነበረ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያኔ ገምጋሚዎቹ ያደነቁት ያንን ድፍረት ነው። ካሜራው በ2006 ወደ ጊርስ ኦፍ ዋር፣ በ2008 ወደ ዴድ ስፔስ ተሻገረ፤ ከዚያ በኋላ ከትከሻ ጀርባ ማየት በሦስተኛ ሰው የተኩስ ጌሞች ዘንድ የተለመደ ነገር ሆነ። ተከታዮቹ ግን አንድ ነገር ጨመሩ፤ ተጫዋቹ እያነጣጠረ እንዲራመድ ፈቀዱ። ዓመታት አልፈው ሰዎች ወደ ምንጩ ሲመለሱ እግራቸው የታሰረ መሰላቸው። ልጆቹ የለመዱትን ነገር አባትየው ስለሌለው ጎደሎ ተባለ።

ጎደሎ አልነበረም። ወደ መንደሩ እንግባ።

ሊዮን የታገተችውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ አሽሊ ግራሃምን ፍለጋ በመጣበት በመጀመሪያው ሰዓት፣ መሃል መንደር ላይ እሳት ይነዳል፤ በእሳቱ ውስጥ አብሮት የመጣው ፖሊስ ተሰቅሏል። አንዱ ያይሃል፣ ይጮሃል፣ ሁሉም ዞረው ይመጣሉ። ሽጉጥህን ለማንሳት አዝራሩን ስትጫን የሊዮን እግር መሬት ላይ ይተከላል፤ ቀይዋ የሌዘር ነጥብ ብቻ ናት የምትንቀሳቀሰው። ከኋላህ ማን እንዳለ አታይም። እዚህ ላይ ነው ጌሙ የሚጠይቅህ፦ አሁን የቆምክበት ቦታ ለሁለት ሰከንድ ያዋጣሃል? ካላዋጣህ ሽጉጡን አውርደህ ሩጥ። ካዋጣህ ጉልበቱን ምታው፣ ሲንበረከክ ቀርበህ በእርግጫ በለው፤ እርግጫው አጠገቡ ያሉትንም ጠርጎ ይጥላቸዋል፣ አንዲት ጥይት አውጥተህ ትንፋሽ የምትስብበት ቦታ ትገዛለህ። ከዚያ እንደገና ሩጫ፣ እንደገና መቆም። ውጊያው ሁሉ የተሠራው መቼ ልቁም በሚለው ውሳኔ ላይ ነው።

የመንደሩ ሰዎችም የተቀረጹት ለዚሁ ነው። ከሩቅ ሮጠው ይመጣሉ፤ አጠገብህ ሲደርሱ ግን ፍጥነታቸውን ቀንሰው በእርምጃ ይጠጉሃል፣ አንዳንዴም ይቆማሉ። ለማነጣጠር ጊዜ የምታገኘው በዚያች መዘግየት ነው። ያለዚያች መዘግየት ቆሞ መተኮስ ቅጣት ይሆን ነበር፤ ያለ ቆሞ መተኮሱ ደግሞ መዘግየቷ ትርጉም የላትም። ሁለቱ ተጣብቀው ነው የተወለዱት። ጌሙ በዚህ ላይ ሳያሳውቅህ ራሱን ያስተካክላል፤ ደጋግመህ ስትሞት ጠላቶቹን ያላላልሃል፣ ሲቀናህ ያከብዳቸዋል። ብዙ ሰው ጨዋታውን ሲያስታውስ ሁልጊዜ ለጥቂት አመለጥኩ የሚለው በዚህም ምክንያት ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ነገር ነው እንግዲህ በብዙ ሪቪዎች ውስጥ ዘመን ያለፈበት ቁጥጥር ተብሎ የተጠቀለለው።

ሪሜኩ የወጣው ማርች 24 ቀን 2023 ነው። ዳይሬክተሮቹ ያሱሂሮ አንፖ እና ካዙኖሪ ካዶይ ናቸው፤ የ2019ኙን የረዚደንት ኢቭል 2 ሪሜክ የመሩትም እነሱ ናቸው። ካፕኮም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከ3 ሚሊዮን በላይ ቅጂ መሸጡን አስታወቀ። የገምጋሚዎቹ ድምፅ አንድ ዓይነት ነበር ማለት ይቻላል፤ አሮጌውን ያከበረ፣ ፊቱ የጠቆረ፣ እጅ ላይ የሚመች። በዓመቱ መጨረሻ በዘ ጌም አዋርድስ ለዓመቱ ምርጥ ጌም ከታጩት አንዱ ሆነ፤ ሽልማቱን ባልደርስ ጌት 3 ወሰደው።

እጅ ላይ የሚመች የሚለው ነገር ግን መመርመር አለበት። አሁን ሊዮን እያነጣጠረ ይራመዳል። ሠሪዎቹ በዚህ ቆመው ቢሆን ኖሮ ጌሙ ይፈርስ ነበር፤ ወደ ኋላ እየተራመደ የሚተኩስን ሰው በእርምጃ የሚጠጉ ገበሬዎች ሊነኩት አይችሉም። ስለዚህ ገበሬዎቹ ተቀየሩ። በፍጥነት ይመጣሉ፣ ከጎንና ከኋላ ይከባሉ፣ አንዱ አንቆ ሲይዝህ ሌላው ይመታሃል። ጭንቅላት ስትመታ ደግሞ ሁልጊዜ አይንገዳገዱም። ይህ የመጨረሻው ነገር አሮጌውን በቃሉ የሚያውቀውን ተጫዋች በጣም አበሳጭቶታል፤ ያኔ ጭንቅላት መምታት ማለት እርግጫ ማለት ነበረና፣ አሁን ግን እንደ ዕድል ነው። ቅሬታውን እረዳዋለሁ፤ በእጅ የገባ እውቀት ሲከዳ ያማል። ቢሆንም መንገዳገዱ እርግጠኛ ቢሆን ኖሮ፣ መራመድ ለሚችል ሊዮን መንደሩ የልጆች ጨዋታ ይሆንለት ነበር።

ከዚያ ቢላው አለ። በአሮጌው ጌም ቢላ አያልቅም፣ አይሰበርም፤ የወደቀ ጠላት ላይ ጥይት ለመቆጠብ ይጠቅማል እንጂ ብዙ አያስጨንቅም። በሪሜኩ ቢላው የጌሙ ልብ ሆኗል። የሚመጣን ምት በትክክለኛዋ ቅጽበት ትመክትበታለህ፤ በሞተር የሚሽከረከረውን መጋዝ እንኳ ለአፍታ ይዞ ይመልሰዋል። ግን በመከትክ ቁጥር ይጎዳል፣ በመጨረሻም ይሰበራል፣ እስክታሳድሰውም መሣሪያ ከሚሸጠውና ከሚያድሰው ነጋዴ ዘንድ መድረስ አለብህ። አሮጌው ጌም የሚያስቆጥብህ የቆምክበትን ቦታ ነበር፤ ይኸኛው የሚያስቆጥብህ ብረት ነው። ያኔ መቼ ልቁም ትል ነበር፣ አሁን ይህችን ምት ልመክት ወይስ ለባሰችው ላቆያት ትላለህ።

ይህ ብቻም አይደለም። በሪሜኩ የሽጉጡ የዒላማ ምልክት ስትንቀሳቀስ ይሰፋል፣ ስትቆም ይጠባል፤ ጠቦ ሲያበቃ የምትተኩሳት ጥይት የበለጠ ትመታለች። ማለትም ሠሪዎቹ ቆሞ መተኮስን አልጣሉትም። ግዴታ የነበረውን ወደ ምርጫ ቀየሩት፤ መራመድ ትችላለህ፣ ግን ለሚቆም ሰው ዋጋ አለው። ይህችን ትንሽ ነገር ሳስተውል የተሰማኝ አክብሮት ነው። ሁለት ዳይሬክተሮች አሮጌውን ጌም ከአብዛኞቹ ገምጋሚዎች በተሻለ አንብበውታል። ገምጋሚው ደዌ ነበር ያለውን፣ እነሱ አጥንት እንደሆነ አውቀው በሌላ አካል ውስጥ መልሰው አቆሙት።

የንባባቸው ጥልቀት በመንደሩ ውስጥም ይታያል። አሮጌውን የተጫወተ ሁሉ የሚያውቀው ማማ አለ። መሰላሉን ወጥተህ ከላይ ሆነህ፣ የሚወጡትን አንድ በአንድ እያወረድክ ውጊያውን የሚያበቃው ደወል እስኪደወል መጠበቅ ትችል ነበር። በሪሜኩ ወደዚያው ማማ ስትወጣ ወለሉ ከእግርህ ሥር ይናድና መልሶ መሃላቸው ይጥልሃል። ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ፣ ድሮ ከወጥመድ የምታስፈታው ውሻ በነበረበት ቦታ የሞተ ውሻ ታገኛለህ፤ ነጩን ውሻ በሕይወት የምታገኘው ወደፊት ነው። ይህ ከተጫዋቹ ትዝታ ጋር መነጋገር ነው። አዲስ ለመጣ ሰው ማማው ማማ ነው፣ ውሻውም ውሻ፤ ድሮ ለተጫወተ ግን ጌሙ የምታውቀውን አውቃለሁ እያለው ነው።

ሚካሚ ራሱ ይህን መንገድ በ2002 ሄዶበታል። የራሱን የ1996ቱን የመጀመሪያ ረዚደንት ኢቭል ለጌምኪዩብ እንደገና ሲሠራ፣ ገድለህ ትተኸው የሄድከው ዞምቢ ጭንቅላቱ ካልፈረሰ ወይም በጋዝ ካላቃጠልከው ከጊዜ በኋላ ቀይ ሆኖ፣ ፈጥኖ፣ ጥፍር አብቅሎ እንዲነሳ አደረገ። በ1996ቱ ጌም ውስጥ የተጸዳ ኮሪደር የተጸዳ ነበር። ያንን እርግጠኝነት ነው የነጠቀው። ስለ ሪሜክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህን ሥራ እንደ መለኪያ ቢይዘው እመኛለሁ፤ ምን አሳመረ ብሎ ከመጠየቅ በፊት፣ የምናውቀውን ምን አደረገበት ብሎ ለመጠየቅ።

በዚህ ዓይን ሲታይ የ2020ው የረዚደንት ኢቭል 3 ሪሜክ አቀባበል የበለጠ ይገባኛል። ከእሱ በፊት የነበረው የረዚደንት ኢቭል 2 ሪሜክ በፕሌይስቴሽን 4 91 አግኝቶ ሳለ፣ ሦስተኛው 79 ላይ ቀረ። ቅሬታው የጎደሉ ነገሮች ዝርዝር ነበር፤ የሰዓት ማማው ውስጥ መግባት ቀረ፣ በወሳኝ ቅጽበቶች የሚመጡት ምርጫዎች ቀሩ፣ ጌሙ አጠረ። ዝርዝሩ እውነት ነው። ይሁንና ዝርዝር ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ የአራተኛው ሪሜክም ብዙ ጥሏል። ከጌሙ ክፉዎች አንዱ የሆነው የሳላዛር ግዙፍ ሐውልት እየተራመደ የሚያሳድድበት ቦታ የለም። የሌዘር ጨረሮቹ ኮሪደር በዋናው ጌም ውስጥ የለም። ዩ-3 የተባለው በአየር ላይ በተንጠለጠሉ ክፍሎች ውስጥ የሚያሳድደው ፍጡርም እንዲሁ። ለዚህ ማንም 79 አልሰጠውም።

ልዩነቱ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ መልሱ እዚያው እጅ ላይ ነው። የ1999ኙ ሦስተኛ ክፍል የቆመው ኔሜሲስ በተሰኘው አሳዳጅ ላይ ነው፤ በር ዘግተህ ስትገላገል በር ከፍቶ የሚከተልህ፣ የት እንደሚጠብቅህ እርግጠኛ የማትሆንበት። በሪሜኩ ኔሜሲስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በተወሰነለት ሰዓት፣ በተሰመረለት መስመር ነው፤ ትልቅ፣ አስፈሪ፣ ግን ቀጠሮ አክባሪ። የጎደለው የሰዓት ማማው ብቻ አልነበረም፤ በተጫዋቹና በአሳዳጁ መካከል የነበረው ግንኙነት ነው። አራተኛው ክፍሎችን ጥሎ ግንኙነቱን አተረፈ። ገምጋሚዎቹ ይህን በስሜታቸው አውቀውታል፣ ነጥባቸውም ይመሰክራል፤ ሲጽፉ ግን የጎደሉ ክፍሎችን ቆጠሩ።

በትክክል የጻፉበትን ቦታም ልናገር። ከሊዮን ባላንጣ ከክራውዘር ጋር የሚደረገው የቢላ ውጊያ ነው። በ2005ቱ ጌም ያ ትዕይንት ፊልም ነበር፤ ሁለቱ እያወሩ ይወራወራሉ፣ አንተ በስክሪኑ ላይ ድንገት የሚመጣውን አዝራር ቶሎ ትጫናለህ፣ ካመለጠህ ሊዮን ይሞታል። ለዘመኑ አስደናቂ ነበር፤ ግን እጅህ ምንም አይወስንም ነበር። በሪሜኩ ትዕይንቱ እውነተኛ ፍልሚያ ሆነ፤ ጌሙን በሙሉ ስትለማመደው የመጣኸው መመከት እዚህ ይፈተናል፤ ክራውዘር ይጠጋል፣ ያታልላል፣ ምቱን ያዘገያል፣ አንተም ዓይኑንና ክንዱን ታያለህ። ብዙ ገምጋሚዎች ይህንን ለይተው አነሱት፣ ምክንያቱንም በደንብ አስረዱ። ሲያስረዱ የተጠቀሙበት መለኪያ፣ ማለትም ያኔ እጄ ምን ይወስን ነበር፣ አሁንስ ምን ይወስናል የሚለው፣ ለመንደሩም ቢሆን ሊያገለግል ይችል ነበር።

ስለ ታሪኩ ብዙ አልልም፤ ብዙ ተብሏልና። አሽሊ በአሮጌው ጌም የራሷ የሕይወት መጠን ያላት፣ ጥይት የሚያገኛት፣ በቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የምትደበቅ ሸክም ነበረች፤ አሁን ፍርሃቷም ድፍረቷም የሚታይ ሰው ናት፣ የሕይወት መጠኗም ከስክሪኑ ጠፍቷል። በመንገድ የሚያገኘው ረዳቱ ሉዊስ ሴራ ከሊዮን ጋር ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል፤ ሲሞት የሚያሳዝነው ለዚህ ነው። በአንጻሩ ያ የድሮው ቀላልነት፣ ክፉዎቹ በሬዲዮ እየደወሉ ሊዮንን የሚነዘንዙበት፣ ሊዮንም በቀልድ የሚመልስበት፣ በአብዛኛው ሄዷል። ጥቂት ቀልዶች ቀርተዋል። ሪሜኩ ከባድ መሆኑን ሁሉም እንደ ብስለት ቆጥሮለታል፤ እኔ ይህን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም። አሮጌው ጌም አስፈሪም አስቂኝም መሆን በአንድ ጊዜ ይችልበት ነበር፤ ያ ችሎታ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ መራራ ነገር አለ። የሰላይዋን የኤዳ ዎንግን ድምፅ የሠራችው ተዋናይ አፈጻጸም ለብዙዎች አልተስማማቸውም። ትወናን መተቸት የገምጋሚም የተጫዋችም መብት ነው። ከዚያ የተከተለው ግን ትችት አልነበረም፤ ሰዎች ወደ ግል ገጿ ሄደው ሰደቧት፣ በማንነቷ ላይ ዘመቱ። አንድን ገጸ ባሕርይ መውደድ በሕይወት ያለችን ሴት ለማዋረድ ፈቃድ ሆኖ አያውቅም። ስለ ጌሙ አቀባበል ሲወራ ይህ እንደ ግርጌ ጉዳይ መታለፉ ያሳዝነኛል። የአቀባበሉ አካል ነው።

ወደ ነጥቦቹ ልመለስ። ነጥብ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ጌሙ ግን በዚያ ቀን አያልቅም። የሪሜኩ ዋና ዋና ሪቪዎች የወጡት ከሽያጩ ቀን አስቀድሞ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በኤፕሪል መጀመሪያ፣ መርሰነሪስ የተባለው የውጊያ ክፍል በነጻ ተጨመረ። አብሮት ግን ሌላ ነገር መጣ፤ የጦር መሣሪያን ልዩ ማሻሻያ የሚያስከፍት ቲኬት በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ ተጀመረ። ያ ቲኬት በጌሙ ውስጥ የሚገኘው ለነጋዴው ጥያቄዎቹን ፈጽመህ በምታገኘው ስፒኔል በተባለ ድንጋይ ነው። ገምጋሚዎቹ ደግሞ ካወደሷቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ስስት ነበር፤ ይህን ላሻሽል ወይስ ያንን፣ አሁን ላውጣው ወይስ ላቆየው የሚለው ጭንቀት። ጭንቀቱን በክፍያ መዝለል ሲቻል ያወደሱት ነገር ተነክቷል፤ ነጥቡ ግን እንዳለ ነው። ቲኬቱን ሳትገዛ ጌሙን በሚገባ መጨረስ ትችላለህ፤ ይህ እውነት ነው። ቢሆንም ግምገማው ከተጻፈ በኋላ የሚጨመር ሱቅ፣ ገምጋሚው ተመልሶ እንዲጽፍ ግድ ሊለው ይገባል። ጥቂቶች ተመልሰው ጻፉ። የጻፉትን አከብራቸዋለሁ።

በሴፕቴምበር ሴፐሬት ዌይስ የተባለው የኤዳ ክፍል በ9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ወጣ። ጎደሉ ከተባሉት ነገሮች አንዳንዶቹ፣ የሌዘሩ ኮሪደርም ጭምር፣ እዚያ ውስጥ ተገኙ። በጣም ጥሩ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ለሚሰጠው ነገር ብዙ አይደለም። ግን ማርች ላይ የጎደለው ተቆጥሮ ነጥብ ተሰጠ፣ ሴፕቴምበር ላይ የተመለሰው በሌላ ስም ሌላ ነጥብ ተሰጠው። አንዱ ሥራ በሁለት ተከፍሎ ተዳኘ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚቻለው አንድ ደስ የሚል ነገር ስላለ ነው፤ የ2005ቱ ጌም ዛሬም ይሸጣል። በፒሲ፣ በፕሌይስቴሽን 4፣ በኤክስቦክስ ዋን፣ በስዊች ገዝቶ መጫወት ይቻላል። ሪሜኩ አሮጌውን አልተካውም፣ ከጎኑ ቆመ። ሁሉም ጌም እንዲህ አልታደለም። በ2020 በብሉፖይንት እንደገና የተሠራው ዲመንስ ሶልስ 92 አግኝቷል፣ የ2009ኙ ደግሞ 89 ነበር፤ ልጁ ከአባቱ በለጠ ማለት ነው። የውጊያው መሠረት ሳይነካ፣ መልኩ ግን ተለውጧል፤ የአንዳንድ ጭራቆች ፊት ተቀይሯል፣ ሙዚቃው በትልቅ ኦርኬስትራ ተሞልቷል፣ ጭር ያሉ አዳራሾች በጌጥ ደምቀዋል። አሮጌው ግን በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ቀርቷል፤ የኦንላይን አገልግሎቱም በ2018 ተዘግቷል። ስለዚህ ለአብዛኛው አዲስ ተጫዋች ዲመንስ ሶልስ ማለት የ2020ው ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ የተለወጠች እያንዳንዷ ፊት የበለጠ ትከብዳለች፤ የድሮዋን ማየት የሚቻልበት ሌላ መስኮት የለምና። አንድ ሪሜክ ሲገመገም አሮጌው ዛሬ የት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ከግራፊክሱ በፊት መነሳት አለበት ብዬ የማስበው ለዚህ ነው። በረዚደንት ኢቭል 4 ጉዳይ ካፕኮም የሚመሰገንበት ነገር ካለ አንዱ ይኸው ነው፤ ያነበብኳቸው ሪቪዎች ግን ይህን ብዙም አላነሱትም።

ሁለቱንም ያልተጫወተ ሰው ከየትኛው ልጀምር ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ሳላመነታ ከ2005ቱ እለዋለሁ። ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ ሜኑው ይዘገያል፣ ካሜራውን እንደፈለግህ ማዞር አትችልም። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ያናድዳል። ከሪሜኩ ተነስቶ ወደ አሮጌው የሚመለስ ሰው ቆሞ መተኮስን እንደ ቅጣት ስለሚያየው ብዙ ጊዜ ሳይጨርሰው ይተወዋል። ከአሮጌው ተነስቶ ወደ ሪሜኩ የሚሻገር ሰው ግን ምን እንደተሰጠውና በምላሹ ምን እንደተወሰደበት ያውቃል። የመጀመሪያዋን ምት በቢላው ሲመክት ለምን ቢላ እንደተሰጠው ይገባዋል፤ ቆሞ ሲታገሥ የዒላማው ምልክት ሲጠብለትም የት እንዳየው ያስታውሳል። ማማው ላይ ደግሞ በልበ ሙሉነት ይወጣል።